ያጠፋሁት ሰርግ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ደምበጫ፤

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ከመስቀል ወዲህ ደብዳቤ ስላልደረሰኝ ዓይኔ መንገድ መንገዱን ያያል። ወገብሽ እንዴት ሆነ? በብርድ ሰዓት ውኃ አትቅጂ ያልኩሽን ሰምተሻል ወይስ እንደ ልማድሽ «እሺ» ብለሽ እንስራሽን አንሥተሻል? አባዬስ ጉልበቱ ተሻለው? ከጤና ጣቢያ የሰጡትን ቅባት ይቀባል ወይስ አሁንም ለበሬው ነው የሚቀባው? ደብዳቤዬን የምታነብልሽ በዛወርቅ እንዴት ናት? ጥርስ ሲያወጣ የነበረው ልጇስ ለቀቀው? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ አዝመራው ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ።

በአካሌ ያልኩት አውቄ ነው። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። በዛወርቅ፣ ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብሽ በፊት አባዬ እቤት አለመኖሩን እይልኝ። ማኅበር የሄደ ዕለት ቢሆን ይሻላል። እሱ ከሰማ «ይኸው መንግሥት አስተማረልን» ይላል፤ ቢልም እውነቱን ነው፤ ግን አሁን እሱን የምሰማበት አንጀት የለኝም። በስልክ ያልነገርኳችሁም ለዚህ ነው። እናንተ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ መሃል ላይ አስቀምጣችሁ ነው የምታወሩት፤ የእኔን ጉድ ሠፈሩ በሙሉ ሊሰማው ነው። ነገሩም ረጅም ስለሆነ ኔትወርኩ ሳይቆረጥ አያልቅም።

እማዬ፣ እትዬ ላቀችን ታውቂያቸዋለሽ። ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቼ የምኖርባቸው ሴትዮ ናቸው፤ በፋሲካ በስልክ ሰላም ብለሻቸው «ልጄን አደራ» ያልሻቸው። የዚሁ የከፋ ተወላጅ ናቸው። ለእኔ ሲሉ አማርኛ ያወራሉ እንጂ የሚቆጡትም የሚጸልዩትም በካፊኖኖ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ተኩል ቦንጋ ተቀምጬ ከሰላምታ አላለፍኩም፤ እሳቸው በዚህ ሁልጊዜ ይስቁብኛል። አምና በታኅሣሥ ልጃቸውን ኃይለመስቀልን ቀብረዋል። ያኔ ጽፌልሽ አልቅሰሽለት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ለእርሻ ሥራ ጎጀብ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ፤ በአራተኛው ቀን አረፈ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ከልጁ የቀራቸው ፎቶ አንድ ጉርድ ብቻ ነው፤ ለመታወቂያ ብሎ ፊቱን አኮሳትሮ የተነሣው። ሳቁና ድምፁ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከመሞቱ ሰባት ወር በፊት፣ እኔ ገና እዚህ ግቢ ሳልገባ፣ ትልቋ እህቱ ስትዳር በተቀረፀው ቪዲዮ ላይ። የቀረፀው ሰላሐዲን የሚባል ፎቶ አንሺ ነው። ሰርጉን ቆራርጦ በሲዲ ሳያወጣው መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተቃጠለበት። ደግነቱ ቅጂውን ሃርድ ዲስክ ላይ አኑሮት ነበር። ሃርድ ዲስክ ማለት መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን ናት፤ በአጭር ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ትሰካለች፣ ሥዕሉም ድምፁም ጽሑፉም እሷ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ሰላሐዲን ሱቁን ዘግቶ ወደ ሚዛን ሲሄድ የልጁን ሞት ሰምቶ ስለነበር እቤት ድረስ መጥቶ «ሌላ ቅጂ የለኝም፣ ይቺን ይያዟት» ብሎ ዲስኩን ራሱን ሰጣቸው።

እትዬ ላቀች በነጭ ሻሽ ጠቅልለው ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ አስቀመጡት። ቦንጋ ዝናብ አይለያትም፤ ሙቀት ያላገኘ ነገር ሁሉ ይሻግታል። ስለዚህ እዚህ አገር ሰው የሚሳሳለትን ነገር፣ የቤት ካርታውንም የልጁን ሰርተፊኬትም፣ ከምድጃ በላይ ነው የሚያኖረው። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላዩትም። አቅም አጣሁ አሉኝ። በሙት ዓመቱ ከማንኪራ ዘመዶቻቸው ሁሉ ስለሚመጡ ያን ቀን ሰው በግራ በቀኝ ይዞኝ አየዋለሁ ብለው ነው የቆዩት። በጥቅምት መጀመሪያ ሻሹን ፈትተው ዲስኩን ሰጡኝና ልጃቸው የሚታይበትን ቦታ እየመረጥኩ በአንድ ሲዲ እንዳወጣላቸው ለመኑኝ። አመሻሽ ላይ ሳልበላ እንዳልተኛ ቆጮ በሳህን ከድነው በራፌ ላይ የሚያኖሩልኝ ሴትዮ እኔን ለመኑኝ፤ አስቢው።

የራሴ ኮምፒውተር ስለሌለኝ የምሠራው ቢሮ ነበር። ከሥራ በኋላ እየቆየሁ አራቱን ሰዓት ሰርግ አንድም ሳላስቀር አየሁት። ልጁ የሚታይበትን ደቂቃ ሁሉ በወረቀት ጻፍኩ። መጀመሪያ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ልገለብጠው አስቤ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግን በሪፖርት ሞልቶ ቦታ አልነበረውም፤ አንዱን አሮጌ ሪፖርት ላጥፋ ብዬ ብጠይቅ አለቃዬ አቶ በዛብህ አልፈቀዱም። እንግዲህ ሌላ ቀን ቦታ ፈልጌ እገለብጠዋለሁ ብዬ ተውኩት። ከጥፋቴ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር እጁ ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ ሁለተኛ እንዲያደርገው ለሌላው ሰው የማስተምር የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ እኮ።

ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አቶ በዛብህ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይዘው መጡ። የቢሮው ነው፤ ጥቁር፣ መጠኑም መልኩም ከእትዬ ላቀች ዲስክ ጋር አንድ። የሠራተኞች የግል ማኅደር ያለበት ስለሆነ፣ ለወረዳ ከመሰጠቱ በፊት ማንም መልሶ እንዳያወጣው አድርገህ አጽዳው አሉኝ። መኪናውም ከምሳ በፊት ስለሚነሣ ቶሎ በል አሉ።

በዛወርቅ፣ ይሄን ለእማዬ ቀስ ብለሽ አስረጂልኝ። ከኮምፒውተር ላይ አንድ ነገር ስናጠፋ በተለምዶ አይጠፋም። ስሙ ከዝርዝሩ ይፋቃል እንጂ ነገሩ እዚያው አለ፤ የሚያውቅበት ሰው ፈልጎ ያወጣዋል። ፎርማት ተደረገ ሲባልም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። ከሥሩ ለማጥፋት እኛ ኮማንድ የምንለው አለ። ጥቁር ገጽ ይከፈታል፤ ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ነገር የለው፣ ነጭ ፊደል ብቻ ነው። ትእዛዙን በጽሑፍ ትሰጪዋለሽ። «ዲስክፓርት» ብለሽ ትገቢያለሽ፤ «ሊስት ዲስክ» ስትይው የተሰኩትን ዲስኮች በቁጥር ይደረድርልሻል፤ የምታጠፊውን ቁጥር ትመርጫለሽ፤ ከዚያ «ክሊን ኦል» ካልሽው ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንዳንዷ ቦታ ላይ ዜሮ እየጻፈ ይሄዳል። ዜሮ የተጻፈበት ነገር ተደብቆ አይደለም፤ የለም። ሌላው ፕሮግራም አንድ ነገር ልታጠፊ ስትይ «እርግጠኛ ነሽ ወይ?» ብሎ ይጠይቅሻል። ያ ጥቁር ገጽ አይጠይቅም። ያሉትን ያደርጋል።

ያን ዕለት ጠዋት የሲዲውን ሥራ ከሰዓቱ በፊት ጀምሬ ስለነበር የእትዬ ላቀች ዲስክም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የቢሮውን ሰካሁ፣ ጎን ለጎን ሲዲውን ልቀጥል ብዬ የእሳቸውንም አስከትዬ ሰካሁና «ሊስት ዲስክ» አልኩ። ዜሮ ቁጥር ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። አንድ ቁጥር የቢሮው ሆነ፣ ሁለት ቁጥር የእትዬ ላቀች። አንድ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሦስቴ አመሳከርኩ፤ ታውቂኝ የለ፣ በር ቆልፎ ሦስቴ ተመልሶ የሚገፋ ሰው ነኝ። ትእዛዙን ልጽፍ ጣቴን ሳነሣ መብራት ሄደ።

እዚህ ከተማ መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ ሳይነገረው ይነቅላል። ሲመለስ በኃይል ስለሚመጣ ያገኘውን ያቃጥላል፤ የሰላሐዲንን ኮምፒውተር የበላው እሱ ነው፤ አምና የቢሯችንን ፕሪንተርም። ስለዚህ በየክፍሉ ወንበር ይንኳኳል፣ ሰው ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ ገመድ ይነቀላል። እኔም እንደ ሰዉ ኮምፒውተሩንም ሁለቱንም ዲስክ ነቀልኩ። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ልቤ የእትዬ ላቀች ዲስክ ላይ ስለነበር ምንም አለመሆኑን ልይ ብዬ መጀመሪያ እሱን ሰካሁ። ከፈትኩት፣ ሰርጉ አለ፣ እፎይ አልኩ። ቀጥዬ የቢሮውን ሰካሁ።

እማዬ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። የእኔ ኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ቀድሞ ለገባው ነው። አሁን ቀድሞ የገባው የእሳቸው ሆነና አንድ ቁጥርን ወሰደ። አላውቅም ነበር ብል ዋሸሁ፤ ተምሬዋለሁ። መብራት ሄዶ ከመጣ እንደገና «ሊስት ዲስክ» ማለት ነበረብኝ። ግን አቶ በዛብህ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ሹፌሩ ከውጭ ጥሩምባ ይነፋል፣ ወረቀቴ ላይ ደግሞ ሦስቴ ያመሳከርኳት አንድ ቁጥር አለች። ወረቀቱን አመንኩ። አንድን መረጥኩ፣ ክሊን ኦል ብዬ ጻፍኩ፣ አስገባሁ።

ሥራው ጊዜ ይወስዳልና እስኪያልቅ አንድ ለአምስት ስብሰባችን ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ስለ ምን እንደተወያየን አሁን ብትጠይቂኝ አላስታውስም። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቼ ስመለስ ከሁለቱ ዲስኮች በአንዷ ላይ ሰማያዊዋ መብራት ትብለጨለጫለች፤ ሌላዋ ጸጥ ብላለች። የምትብለጨለጨዋ ጀርባ ላይ የሰላሐዲን ፎቶ ቤት ስቲከር አለ። ገመዱን መንጭቄ ነቀልኩትና ዲስኩን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ትኩስ ነበር። አቶ በዛብህ መጥተው አለቀ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አላለቀም አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ የቢሮውን በትክክል አጠፋሁ፤ ያን ጊዜ «ሊስት ዲስክ» ስንት ጊዜ እንዳልኩ እግዚአብሔር ያውቃል። መኪናው ሳይዘው ሄዷልና አቶ በዛብህ በሰው ፊት ተቆጡኝ፤ ቁጣቸው አልተሰማኝም።

ዲስኩን ይዤ ኢሳያስ ዘንድ ሮጥኩ። ኢሳያስ ጓደኛዬ ነው፤ ኮሌጅ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ የጠፋ ነገር መፈለጊያ ፕሮግራም አለው። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት አስፈለገው። ሐሙስ ስሄድ ፊቱን አይቼ አወቅኩ። የተገኘው የማናውቃቸው ሰዎች ልደትና የአንድ ትምህርት ቤት ምረቃ ብቻ ነው፤ ዲስኩ መጨረሻ ላይ የነበሩ። ሰርጉ መጀመሪያው ላይ ስለነበር አርባው ደቂቃ በልቶታል። ዝም ብለህ ብታጠፋው፣ ፎርማት ብታደርገው እንኳ አወጣልህ ነበር አለኝ፤ ዜሮ ከተጻፈበት ግን አዲስ አበባም ብትወስደው ያው ነው። ሚዛን ለሰላሐዲን ደወልኩ። እሱም ሌላ ቅጂ የለኝም አለ፤ የካሜራው ካርድ ላይ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰርግ ተደርቦበታል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ልነግርሽ አልችልም። በራፌ ላይ የተቀመጠልኝን ቆጮ ሳልነካው አሳድራለሁ። የግቢውን በር ስከፍት እትዬ ላቀች እንዳይሰሙኝ ቀስ ብዬ እገባለሁ፤ እሳቸው ግን ይሰሙኛል፤ «ዋለ፣ ደረሰልህ?» ይሉኛል። ትንሽ ቀርቶኛል እላለሁ። በማግሥቱም ትንሽ ቀርቶኛል እላለሁ። አንድ ቀን ለሙት ዓመቱ ቴሌቪዥን የሚያውሳቸው ሰው ማግኘታቸውን ደስ ብሏቸው ነገሩኝ። የዝውውር ቅጽ ሞልቼ ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞሬያለሁ፤ አልሰጠሁትም እንጂ። ኢሳያስ የኔን ሁኔታ አይቶ ዲስኩ ራሱ ተበላሽቶ ነበር በላቸው አለኝ። ኮምፒውተር አያውቁም፣ አንተንም አይጠሉህም፣ ለእሳቸውም ይቀላቸዋል አለ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ አዝኖልኝ ነው።

እኔም እንዳለኝ አደረግኩ። ሰኞ ማታ ዲስኩ ችግር ያለበት ይመስላል፣ አልከፈት ብሎኛል አልኳቸው። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁና ወደ ውስጥ ገቡ። እማዬ፣ የዚያን ሰዓት ቀለል አለኝ። መጥፎ ሰው ነኝ ብዬ የማምነው ለዚህ ነው፤ ቀለል ብሎኝ እህል ቀመስኩ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እትዬ ላቀች በዝናብ ከማድ ቤት ወደ ትልቁ ቤት ይመላለሳሉ። ከምድጃው በላይ ያለውን ሁሉ አውርደው፣ ካርታውን፣ ወረቀቱን፣ የልጆቻቸውን ሰርተፊኬት፣ ሣጥን ውስጥ እያስገቡ ነው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ማድ ቤቱ በር ላይ ዓይናቸው አብጦ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎረቤታቸው ተሾመች ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ ነገረችኝ። ቀረብ ብዬ ምን ሆኑ አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ጭሱ ነው አይደል?» አሉኝ። «ስምንት ወር ጭስ ላይ ሰቅዬ እኔው አቃጠልኩት። ልጄን ሁለተኛ ገደልኩት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። ለራሴ ያቀለልኩትን ሸክም ማን ላይ እንደጫንኩት ያን ጊዜ አየሁት። ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላሰብኩበትም፤ ራሱ ነው የወጣው።

«እትዬ፣ ጭሱ አይደለም። ዲስኩ ደህና ነበር። እኔ ነኝ በእጄ ጽፌ ያጠፋሁት። ሰኞ ዕለት የነገርኩዎት ውሸት ነው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መብራቱን፣ ወረቀቱን፣ ቁጥሩን። ቁጥሩ የገባቸው አይመስለኝም፤ እኔ መሆኔ ገብቷቸዋል። ተሾመች በእጇ አፏን ይዛ ቆማለች። ከዚያ ተነሥተው ወደ ትልቁ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። ሳይቆጡኝ፣ ሳይረግሙኝ። ቢሰድቡኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ዓርብ ሙሉ ቀን አላናገሩኝም። እኔም ሌላ ቤት ልፈልግ ብዬ ልብሴን በሻንጣ መክተት ጀመርኩ።

ትናንት ቅዳሜ፣ ገበያ ውለው ተመልሰው ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። ብቻቸውን ነበሩ። በርጩማ ሰጡኝ። ተቀመጥኩ፤ ዓይኔ መሬት ላይ ነው።

«አንተ አይተኸዋል?» አሉኝ።

አይቼዋለሁ አልኩ።

«እስከ መጨረሻው?»

እስከ መጨረሻው አልኩ።

«እኔ አላየሁትም» አሉ። «በል ንገረኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ደግሞ መነሻው ጠፋኝ። ከየት ልጀምር? ከሸሚዙ ጀመርኩ። ነጭ ሸሚዝ እጅጌው ተጠቅልሎ፣ አንገቱ ላይ ያለችው ቁልፍ የጠፋች። እሳቸው ቁልፏን አስታወሱ፤ ያን ዕለት ጠዋት ቆመህ ልስፋልህ ብዬው ሮጠ አሉ። ከዳሱ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ገመድ ሲያስር፣ ሚዜዎቹ ሲገፈታትሩት፣ እህቱ ስትወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲቆም፣ ካሜራው ሲጠጋው ዓይኔ ውስጥ ጭስ ገባ ብሎ ሲያመካኝ፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሲጨፍር የግራ ትከሻውን ቀድሞ እንደሚያነሣ ነገርኳቸው። አባቱ እንደዚያ ነበር አሉ። መካከል ላይ ስቸኩል «ቀስ በል» ይሉኛል። አንዳንዱን ሁለቴ አስደገሙኝ።

ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ደረስኩ። እሳቸው ትልቅ ትሪ ተሸክመው በእንግዳው መሃል ያልፋሉ፤ ልጁ ከኋላቸው መጥቶ ትሪውን ይቀማቸዋል፣ ትከሻቸውን ተጭኖ አግዳሚው ላይ ያስቀምጣቸዋል፣ አንድ ነገር ይላቸዋል፤ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ይመቱታል። ያን ቀን ትዝ አላላቸውም። ሰርግ የደገሰች እናት ምን ታስታውሳለች። ምን አለኝ አሉኝ። በካፊኖኖ ስለነበር ምን እንዳለ አላውቅም አልኳቸው።

ፊታቸው ሲወድቅ አየሁ። ግን እዚያች ቦታ ላይ ዘፈኑ ድምፁን ይውጠው ስለነበር እያስተካከልኩ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ አሥር ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ትርጉሙን ሳላውቅ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። እያፈርኩ፣ አሳስቼ አስቀይማለሁ ብዬ እየፈራሁ፣ እንደ ሰማሁት፣ እሱ ከፍ ባደረገበት ከፍ፣ ዝቅ ባደረገበት ዝቅ አድርጌ አልኩት። እትዬ ላቀች እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እንደገና በለው አሉኝ። አልኩት። እንደገና አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስለው አብረውኝ አሉት።

ከዚያ በአማርኛ ነገሩኝ። «‹በቃ ቁጭ በይ፤ ለእኔም ሰርግ ጉልበት አስቀሪ› ነው ያለኝ።»

መጀመሪያ የሳቁ መስሎኝ ነበር። እማዬ፣ አለቀስን፤ እሳቸውም እኔም። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ልነሣ ስል ግን፣ ሙት ዓመቱ ቀን ዘመድ በተሰበሰበበት ቆመህ እንደዚሁ ትነግራቸዋለህ አሉኝ። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ነው፤ ወር ከምናምን ቀርቶታል። ከማንኪራ የሚመጡት ሽማግሌዎች ልጁን ከሕፃንነቱ ያውቁታል። ጭንቅ ብሎኛል። ከትናንት ጀምሮ ያየሁትን ሁሉ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው፤ ያችን ካፊኖኖዋንም በእኛው ፊደል ጽፌያታለሁ። ግን ስጽፈው ይሳሳል፤ ጠዋት ተነሥቼ የሸሚዙን እጅጌ የቱን ያህል እንደጠቀለለው እጠራጠራለሁ። ያላየሁትን እንዳልጨምር እፈራለሁ። የረሳሁትን መልሼ የማይበት የለም። እባክሽ እማዬ፣ ስትጸልዪ እንዳልረሳ ጸልዪልኝ፤ ከዚህ ሌላ የምለምንሽ የለኝም። ሻንጣዬን ፈትቻለሁ።

አባዬን ጉልበቱን ስሜለታለሁ በይልኝ፤ ከዚህ ሁሉ የምትነግሪው ዋለ ደህና ነው የሚለውን ብቻ ይሁን። ጋሽ አስፋውን ከነቤተሰባቸው ሰላም በይልኝ፤ በደጅ ሲያልፉ ስለ እኔ የሚጠይቁትን ሁሉ ስማቸውን ሳልጠራ እንዳላስቀይም አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ። የበዛወርቅን ልጅ ጉንጩን ሳሚልኝ።

አንቺ በዛወርቅ፣ ሰላምታዬ ከነውለታሽ ይድረስሽ። መልሱን ስትጽፊልኝ ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ሁልጊዜ እማዬ የምትልሽን እያሳመርሽ፣ እያሳጠርሽ «እናትህ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች» ብለሽ ትልኪልኛለሽ። እስከዛሬ የላክሽልኝን ሁሉ ትናንት ማታ አውጥቼ አነበብኩት፤ አንዱም ላይ እማዬ የለችም። እንግዲህ አታሳምሪው። ከተቆጣች እንደተቆጣችው፣ ከደጋገመች እንደደጋገመችው፣ እሷ ያለችውን ቃል በቃል ጻፊልኝ።

ልጅሽ ዋለ
ቦንጋ፣ ኅዳር 9 ቀን 2005 ዓ.ም.